ፊልሜን ራሴ አጥባለሁ!

ሰው ሁሉ «አይሆንም» ያለኝን ነገር ማድረግ ደስ ይለኛል። አመሌ ነው፤ ቻሉት። እናቴ እንደምትለው ስወለድ እንኳ የመጣሁት በእግሬ ነው። አዋላጇ «ዙር» ብትለኝ «አልዞርም» አልኩ ማለት ነው። ስለዚህ በድሬዳዋ ሙቀት፣ በገዛ ቤቴ፣ የቀለም ስላይድ ፊልም አጥባለሁ ብዬ ስነሳ «ይሄ ሰውዬ አበደ» ያሉት ሁሉ ተሳስተዋል። ያበድኩት ከዚያ ቀደም ብዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ታይዋን ነው። አገሩ አይደለም፤ ገበያችን። የስልክ ቻርጀር ልገዛ ሄጄ፣ አሮጌ ሬዲዮና የተፈታታ ቴሌቪዥን ከሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ አንድ የድሮ ካሜራ ከነቆዳ ቦርሳው አየሁ። ቦርሳው ውስጥ ያልተነኩ ሁለት ፊልሞች ነበሩ። ቻርጀሩን ትቼ ካሜራውን ይዤ ቤት ገባሁ።

ባለቤቴ ጽጌ «ቻርጀሩስ?» አለችኝ።

«ይሄ ቻርጅ አይፈልግም» አልኳት። በዚህች መልስ ሦስት ቀን ሙሉ ኮርቻለሁ።

ፊልሞቹ ተራ ፊልም አልነበሩም፤ ስላይድ ናቸው። ለማያውቅ ልንገር። ተራው ፊልም ሲታጠብ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጎ ያወጣና በኋላ ወረቀት ላይ ይታተማል። ስላይድ ግን ፊልሙ ራሱ ነው ፎቶ የሚሆነው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ስታዩት፣ ሰውዬው ከነቀለሙ ከነፈገግታው እዚያች የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል መስኮት ውስጥ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ከዚራ በሚባለው ሰፈር ፎቶ ቤት ያለው ወዳጄ ሰሚር ፊልሙን አገላብጦ አየና መለሰልኝ። «አቦ፣ ይሄን የሚያጥብ ድሬ ውስጥ የለም። አዲስ አበባም መኖሩን እንጃ። ውጭ ላከው።»

ወደ ውጭ ለመላክ የሚጠይቀውን ሰማሁ። ከፊልሙ ጋር እኔም አብሬ ሄጄ፣ ዘመድ ጠይቄ ብመለስ ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም።

«እንግዲያው ራሴ አጥበዋለሁ።»

«የት?»

«ቤቴ።»

ሰሚር ብቻውን አይስቅም፤ ደንበኞቹን ሁሉ ጠርቶ ነው የሚስቀው። «ወላሂ፣ በሳሙና እንዳትሞክረው ብቻ!» አለኝ። ከፎቶ ቤቱ ስወጣ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የተቀመጠ፣ የማላውቀው ሰውዬ እንኳ ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር።

እዚህ ላይ ሙያዬን ልንገራችሁ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የላብራቶሪ ረዳት ነኝ። ላብራቶሪያችን አንድ የተሰነጠቀ ብርጭቆ፣ አንድ ሚዛንና ግራ እጁ የወለቀ የፕላስቲክ አጽም አለው። ረዳት ማለት ደግሞ ቁልፍ የሚይዝ ማለት ነው። ግን ይህን ሁሉ ዘመን የላብራቶሪ ቁልፍ የያዘ ሰው «ኬሚስት ነኝ» ቢል ማን ይከለክለዋል?

ደግሞ እልህ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዴ ሞሚና አለች።

እናቴ ከእኛ ጋር ናት የምትኖረው፤ አዴ ሞሚና ደግሞ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት። «አዴ» በእኛ ሰፈር እናት ለሆነች ሴት የምንለው ነው። «አንቱ» እንዳልላት አትታዘቡኝ፤ ድሬ ውስጥ ጎረቤቱን አንቱ ያለ ሰው የተኳረፈ ነው የሚመስለው። የሷም ባል፣ የእኔም አባት ምድር ባቡር አብረው ሠርተው፣ አብረው ጡረታ ወጥተው፣ በየተራ ሞተዋል። ሁለቱ ሴቶች ቀርተዋል። አንዷ የሌላዋን ሥጋ አትበላም፤ አንዷ የሌላዋን ሻይ ካልጠጣች ግን ቀኑ አይመሽላትም። ከአርባ ዓመት በላይ እንዲህ ኖረው አብረው የተነሱት አንድም ፎቶ የላቸውም።

ምክንያቱም አዴ ሞሚና በስልክ ፎቶ አትነሳም። የባሏ ፎቶዎች ሁሉ የነበሩት በልጇ ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ባልዲ ውስጥ ወድቆ በዚያው ቀረ። «ባሌ ሁለቴ ነው የሞተብኝ» ትላለች፤ «አንዴ ሆስፒታል፣ አንዴ ባልዲ ውስጥ።»

አሁን ደግሞ ጅቡቲ ያለችው ልጇ «ብቻዋን አትሆንም» ብላ ጠቅልላ ልትወስዳት ነው። ካሜራውን ባንገቴ አንጠልጥዬ ግቢ ስገባ አዴ ሞሚና ጠራችኝና በሁለት እጇ መዘነችው።

«ይሄ እንኳ አካል አለው» አለች። «ፎቶው የት ነው የሚቀመጠው?»

«ፊልሙ ላይ። በእጅሽ የምትይዢው ነገር ነው የሚሆነው።»

«ባልዲ ውስጥ ቢገባስ?»

«አውጥተሽ ታደርቂዋለሽ።»

ካሜራውን መለሰችልኝ። «እንግዲያው ከእናትህ ጋር አንሳኝ።»

በቃ። ከዚያ በኋላ ሰሚር ቢስቅ፣ ከዚራ ቢስቅ፣ ምን ቸገረኝ? አንደኛውን ፊልም ለመለማመጃ ከዚራ ዛፎች ሥር ጨረስኩት። ሁለተኛውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለቱን ሴቶች አነሳሁበት።

መድኃኒቱን፣ የፊልም ማጠቢያውን ኬሚካል ማለቴ ነው፣ ፊልሙ ከሚታጠብበት ጥቁር ጣሳ ጋር የጽጌ እህት ከዱባይ አመጣችልኝ። ሽቶ ይዛ መምጣት ስትችል ለኔ ዱቄት ተሸክማ በመምጣቷ እስከ ዛሬ ታስታውሰኛለች። ዱቄቶቹ በውሃ ተበጥብጠው ሦስት ፈሳሽ ይሆናሉ። የመጀመሪያው ምስሉን ያነቃዋል፤ ሁለተኛው ቀለሙን ያወጣዋል፤ ሦስተኛው፣ ያ የሚሸተው፣ የማያስፈልገውን ያጥበዋል። ከዱቄቱ ጋር የመጣው ወረቀት «ሁሉንም ባንዴ በጥብጡ፤ ዱቄቱን ከፋፍላችሁ አታስቀምጡ» ይላል። እኔ ግን ቆጣቢ ሰው ነኝ። ግማሹን ለሌላ ጊዜ አስቀመጥኩ። ዱባይ ድረስ የተላከበትን ነገር ባንዴ የሚደፋ ማን ነው? ወረቀት ነው እንዴ የሚያዘኝ?

ወረቀቱ «ፈሳሹ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ይሁን» የሚለው ላይ ስደርስ ደግሞ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ሌላው ዓለም ሠላሳ ስምንት ለመድረስ ማሞቂያ ይገዛል። እኛ ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንቁላል ይቀቅላል! ድሬዳዋ ለዚህ ሥራ ነው የተፈጠረችው ብዬ ቧንቧውን ከፈትኩና የእናቴን የትኩሳት መለኪያ ነከርኩበት።

«አርባ ሁለት» አልኩ።

«ምስኪን» አለች እናቴ፤ ስለ ውሃው ነው።

ለካ ችግሩ ማሞቅ ሳይሆን ማብረድ ነው። ከፍሪጅ በረዶ አምጥቼ ጨመርኩ፤ ሠላሳ አራት ወረደ። ከታንከሩ ጨመርኩ፤ አርባ ወጣ። በረዶ፣ ታንከር፤ በረዶ፣ ታንከር። ውሃው ልክ ሠላሳ ስምንት ሲገባ እኔ ራሴ ትኩሳት ይዞኝ ነበር።

ጨለማውስ? ፊልሙ ጣሳው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቅንጣት ብርሃን ማየት የለበትም። ከዚያ በኋላ ጣሳው ራሱ ብርሃን አያስገባም። የእኛ ቤት ቆርቆሮ ደግሞ በምስማር ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ ቀና ብትሉ የበጋ ሌሊት ሰማይ ከነኮከቡ ይታያችኋል። ስለዚህ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባሁ። በልብሶች መሃል ተጣጥፌ፣ ፊልሙን በመዳሰስ ከጣሳው ጋር በመጣው ማጠንጠኛ ላይ ጠቅልዬ ጣሳው ውስጥ ከተትኩት። አጠብኩ። ከፈትኩ።

የመለማመጃው ፊልም ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ መስታወት ሆኖ ወጣ። ዛፍ የለ፣ ሰው የለ። ለካ የቁም ሳጥኑን የቁልፍ ቀዳዳ ረስቼዋለሁ፤ በዚያች ቀዳዳ የገባው ብርሃን ፊልሙን በልቶታል።

ሰሚር ፊልሙን ወደ መብራት አንስቶ አየና በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ንጹህ አድርጎ ያጠበ ሰው አይቼ አላውቅም!» ደንበኞቹን ጠራ።

«ሁለተኛውን ታያለህ» አልኩት። ድምፄ እንደ ጀግና ነበር የወጣው። ሁለተኛው የሴቶቹ ነበር። ከሱ ሌላ ፊልም የለኝም። አዴ ሞሚና ሰኞ ጠዋት ትሄዳለች። ይህን ያልኩት ሐሙስ ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጦርነቱን ጀመርኩ። ቁም ሳጥኑን በጥቁር ፕላስተር አሸግኩት፤ የቁልፍ ቀዳዳው ላይ ብቻ አራት ድርብ። ሦስቱን ጠርሙሶች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ በወረቀት ጽፌ፣ በትምህርት ቤት ማጣበቂያ ለጥፌ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ለብ ያለውን ውሃ በመታጠቢያ ሳፋ አዘጋጀሁ። ጽጌ ከውጭ በጀርባዋ በሩን ደግፋ ተቀመጠች። እኔ በካፖርቶች መሃል በላብ እየታጠብኩ ፊልሙን መጠቅለል ያዝኩ። ላብ ያለበት እጅ ፊልም አይወድም። ይጣበቃል፤ ወደ ኋላ ትመልሱታላችሁ፤ እንደገና ይጣበቃል። ካፖርት ለምን እንዳለን ራሱ አላውቅም። ድሬ ውስጥ ካፖርት ማን ይለብሳል?

ልክ በዚህ ጊዜ የግቢው በር ተንኳኳ። የእናቴ የነፍስ አባት ናቸው፤ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። ጽጌ ዘላ ተነሳች። ጠረጴዛው ላይ መስቀልና ጠበል ሊቀመጥ ነው፤ እኔ ደግሞ የሚሸት ጠርሙስ ደርድሬበታለሁ። ሦስቱንም ባንዴ አፈፍ አድርጋ ሳፋው ውስጥ ዶለቻቸው። እኔ ይህን አላየሁም። የሰማሁት የሰው ኮቴ ወደ ቁም ሳጥኑ ሲቀርብ ብቻ ነው።

«በሩን እንዳትከፍቱ!» ብዬ ጮህኩ። «ብርሃን ከገባ አለቀልኝ!»

ኮቴው ቆመ።

«ይህ ማን ነው?» አሉ አባ።

«ልጄ ነው አባ» አለች እናቴ።

«ምን ነካው?»

«ብርሃን አይፈልግም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከምሳ በኋላ።»

ብርሃን የሚጠላ ምን እንደሆነ አባ ያውቃሉ። «በስመ አብ» ሲሉ ሰማሁ፤ ጠበሉ ከቁም ሳጥኑ ላይ እንደ ዝናብ ወረደ።

«ስምህን ተናገር!»

«አባ፣ እኔ ነኝ!»

«እኔ የሚባል ስም የለም! ስምህን!»

«እባክዎ አባ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ፤ እወጣለሁ!»

«በምን ምልክት ትወጣለህ?»

«ጥቁር ጣሳ ይዤ!»

እግዜር ይስጣቸው፣ አምስት ደቂቃውን ሰጡኝ። ከዚያ ግን መርጨታቸውን አላቆሙም። የመጨረሻዋን የፊልም ጫፍ አስገብቼ፣ ጣሳውን ገጥሜ፣ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ስወጣ ላቡ ከጠበሉ አይለይም፤ በእጄም እንዳልኩት ጥቁር ጣሳ ይዣለሁ። አባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ጩኸቱን የሰማችው አዴ ሞሚናም ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ደርሳለች። «ማሊ ኩን? ምንድን ነው ይሄ? ሰው ሞተ እንዴ?»

እናቴ ነገሩን አስረዳች። አባ ከት ብለው ሳቁ፤ ወንበር ሳቡና «ይህንማ ሳላይ አልሄድም» ብለው ተቀመጡ።

ያኔ ነው ሳፋውን ያየሁት። ሦስት ጠርሙሶች ይንሳፈፋሉ። ሦስት ወረቀቶችም ለየብቻቸው ይንሳፈፋሉ።

ሦስተኛው ፈሳሽ በጠረኑና በቡናማ ቀለሙ ይታወቃል። አንደኛውና ሁለተኛው ግን መንትያ ናቸው። ባገላብጣቸው ፊልሙ ይበላሻል፤ ሌላ ፊልም ደግሞ የለም። ጣሳውን ታቅፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያ በእግሩ የተወለደ ሰው፣ አልዞርም ባዩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅ ሰጠ።

አዴ ሞሚና አጠገቤ ጎንበስ አለች። «ተወው ልጄ። አላህ አልፈቀደው ይሆናል። እኔ እናትህን በልቤ ይዣታለሁ።»

እንዲህ ከምትለኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሺ ልላት አፌን ስከፍት ጽጌ ቀደመችኝ።

«ምን ተወው ነው!» አለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች፤ ፊቷ ቀልቷል። ወረቀቶቹን ያስለቀቀችው እሷ መሆኗ አናዷታል። ጽጌ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ጨርቅ የሚያቀልም ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። «እኛ ጋ መቶ ሜትር ጨርቅ ከመንከራችን በፊት ቁራጭ ነክረን እናያለን። ከዚህ ፊልም ቁራጭ የለህም?»

ነበረኝ። ከመጠቅለሌ በፊት ከጫፉ የቆረጥኳት፣ ፎቶ የሌለባት ምላስ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ጽጌ ለሁለት ቆረጠቻት። አንዷን ከዚህኛው፣ ሌላዋን ከዚያኛው ጠርሙስ በተቀዳ ፈሳሽ ነከረቻቸው። ሁለቱም ጠቆሩ። አባ «እህ» አሉ። ጽጌ ግን አልጨረሰችም፤ ሁለቱንም አውጥታ በሚሸተው ሦስተኛ ውስጥ ከተተቻቸው። ጠበቅን። አለቀለቀቻቸውና ወደ መስኮቱ አነሳቻቸው። አንዷ መስታወት ሆናለች፤ ሌላዋ እንደጠቆረች ቀርታለች።

«ቀለም የሚያወጣው፣ ከታጠበም በኋላ ቀለሙ የማይለቀው ነው» አለች ጽጌ። «ስለዚህ ያ ሁለተኛው፣ ይሄ አንደኛው።» ጠርሙሶቹን በፊቴ ደቅ ደቅ አደረገቻቸው። የላብራቶሪ ቁልፍ ያዡ እንደ ተማሪ ቁጥሩን እንደገና ጻፈባቸው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በሙሉ ፊልም አጣቢ ሆነ። እናቴ በትኩሳት መለኪያዋ ውሃውን ትጠብቃለች፤ አባ ሰዓታቸውን አውልቀው ደቂቃ ይቆጥራሉ፤ ጽጌ ትቀዳለች፤ እኔ ጣሳውን እወዘውዛለሁ።

«ወተት ነው እንዴ የምትንጠው?» አለች አዴ ሞሚና። «እንዲህ ተደርጎ ቅቤ አይወጣም፤ አምጣ!» ተቀብላኝ ናጠችው። እውነትም እጇ ከእጄ ይሻላል።

ጣሳው ሲከፈት ሁሉም ከበቡኝ። ፊልሙን ቀስ ብዬ ሳብኩት። ጨለማ። ጨለማ። እንደገና ጨለማ። የከፋፈልኩት ዱቄት ጉድ ሠርቶኛል። «ቆጣቢ!» አለች ጽጌ፤ ስድብ መሆኑ ገባኝ። መሳቤን ግን አላቆምኩም። ወደ መጨረሻው አካባቢ አንዲት መስኮት አበራች።

ሁለቱ ናቸው። ተስተካክለው እንደተቀመጡት ፎቶዎች አይደለም። ግቢ ውስጥ በነበረች አንዲት ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ ብለው ሲገፋፉ ሳያውቁ ያነሳኋቸው ነው። እናቴ ወንበሩን ይዛለች፤ አዴ ሞሚና በትከሻዋ ትገፋታለች፤ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። ቀለሙ ግን ወይን ጠጅ ነው፤ ፊታቸውም፣ ልብሳቸውም፣ ግድግዳውም።

ፊልሙ ደርቆ ተራ በተራ ወደ ፀሐይ እያነሱ አዩት።

«ሞሚና፣ ምን ሆነሽ ነው ቀይ ሥር የመሰልሽው?» አለች እናቴ።

«አንቺስ መች ቀረልሽ!» አለች አዴ ሞሚና፤ ከዚያ ግን ብዙ ቆይታ አየችው፤ ስታወርደውም ዓይኗን በሻሿ ጠረገች።

ጣጣው የመጣው እሑድ ነው። ስላይድ አንድ ነው። ሁለቱም ይፈልጉታል። «እኔ ሟች ነኝ፣ ሞሚና ትውሰደው» ይላል አንዱ ወገን፤ «እኔ ሂያጅ ነኝ፣ ለእሷ ይቅር» ይላል ሌላው። ሁለቱም «ውሰጂ» እያሉ ሁለቱም ጫፉን አይለቁም። ሰሚር ጋ ወስጄ በኮምፒውተር ላባዛው አልኳቸው። «ባልዲውን ረሳኸው?» አለች አዴ ሞሚና። በመጨረሻ እናቴ መቀስ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«መሃል ለመሃል» አለች። «እኔ እሷን ልያዝ፤ እሷ እኔን ትያዝ።»

ያን ያህል መከራ አይቼ ያወጣኋትን አንዲት ፎቶ! እምቢ ልል ነበር፤ እምቢ ማለት ደግሞ ሙያዬ ነው። ግን ሁለቱም እያዩኝ ነው። መቀሱን ከፈትኩና ቆረጥኳት።

ሰሚር ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «አቦ፣ አንተ ሰውዬ ስላይድ ይቆረጣል እንዴ?»

«የኔ ይቆረጣል» አልኩት።

አዴ ሞሚና ሰኞ ሄደች። ግማሿን ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነው የተሳፈረችው። በሳምንቱ ደወለች። የልጇ ቤት ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ማሽን ስላለው መጋረጃው ቀን ተሌት ዝግ ነው አለች። እሷም በየቀኑ ፎቶዋን ይዛ ፀሐይ ፍለጋ በረንዳ ትወጣለች፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ምን እንደምታይ ሊጠይቋት መጥተው ተዋውቀዋታል። እናቴ ስልኩን ቀማችኝ።

«ምን እያየሽ ነው አሁን?»

«አንቺን። ወንበሩን ይዘሽ።»

እናቴ የራሷን ግማሽ ከጸሎት መጽሐፏ አውጥታ ወደ በሩ ሄደችና ወደ ፀሐይ አነሳችው። ፎቶው ላይ አዴ ሞሚና እየሳቀች በትከሻዋ ባዶ አየር ትገፋለች።

«ወንበሩ እኔ ጋ የለም!» አለች እናቴ።

«እኔ ጋ ነዋ!» ጅቡቲ ድረስ ሄዶ የተመለሰ ሳቅ ከስልኩ ወጣ። «ይዤው መጣሁ!»

«ሌባ!» እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ ስልኩን በአንድ እጇ፣ ፎቶውን በሌላ እጇ ይዛ፣ መንገደኛው ሁሉ ዞር እስኪል ጮኸች። «አንቺ ሌባ! ወንበሬን መልሺ!»